ሐዋሳ ላይ የዲቲዬን ኪሎ ሜትር ያሠራሁበት ጋራዥ

ሞተሬ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ያገለገሉ ንብረቶቹን በጨረታ ሲሸጥ ነው ያገኘኋት። ያኔ ቆጣሪዋ 41 ሺህ አልፏል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከሐዋሳ እየወጡ ገጠር ለገጠር መዞር ነው። ያለ እሷ እጄም እግሬም የለም።

ባለፈው ክረምት የፍጥነት መለኪያዋ ታመመ። መጀመሪያ ቀስቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። 40 ላይ ስሄድ ከ30 እስከ 60 ይመላለሳል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዜሮ ላይ ተኛ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮት ቆመ።

«ፍጥነትን በጆሮም ማወቅ ይቻላል» የሚል አይጠፋም። ለእኔ ግን ጉዳዩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። የእኔ ዲቲ የቤንዚን ጌጅ የላትም። ሳልባትዮው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ፉል ባስሞላሁ ቁጥር የቆጣሪውን ቁጥር በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስነዳ ሪዘርቭ ትገባለች። በዚያ ሂሳብ ነው የምኖረው። ቆጣሪው በቆመ በሳምንቱ ከሐገረ ሰላም በኩል ስመለስ ቤንዚን አለቀብኝ። ከኋላ የክትባት አይስ ቦክስ ታስሯል። አንድ አይሱዙ ቆሞ ቤንዚን እስኪያመጣልኝ ሦስት ሰዓት ፈጀ። በረዶው ቀለጠ። ክትባቱን ጣልኩት። የዚያን ቀን ንዴቴ እስካሁን አልወጣልኝም፤ ያንን ክትባት የሚጠብቁ ከብቶች ነበሩ።

በማግስቱ ከተማ ውስጥ አንድ መለዋወጫ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ልጁ ሞተሯን አንዴ አየት አደረገና «ጌጁ ሞቷል» አለኝ፤ የፍጥነት መለኪያውን ማለቱ ነው። ጎማውን አላሽከረከረም፤ ከጎማው ወደ ጌጁ የሚሄደውን ገመድ አልነካም። አዲስ የቻይና ጌጅ 3,200 ብር፣ ገመድ 450 ብር፣ ማሰሪያ 300 ብር። ከፈልኩ። ቀስቱ ተነሳ። ደስ አለኝ። አምስት ቀን ሠርቶ እንደገና ዜሮ ላይ ተኛ። ተመልሼ ስሄድ «ኮፒ ስለሆነ ነው፤ ኦሪጅናል ከፈለግክ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ።

አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት ወደዚህኛው ጋራዥ የላከችኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጠባብ ግቢ ነው። ምልክትም ማስታወቂያም የለውም። በሩ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ቸርኬ ካያችሁ ደርሳችኋል። ባለቤቱ ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው።

ታሪኩን ሁሉ አወራሁላቸው። ጨርሼ «እና አዲስ ጌጅ ያስፈልገኛል» ስል ቀና ብለው አዩኝ።

«ዶክተር፣ አንተ ከብቱን ሳታይ መርፌ ትወጋለህ?»

«አልወጋም ጋሼ።»

«እንግዲያው ቆይ።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ቀስቱ ሲተኛ ቁጥሩ ይቆጥር ነበር ወይስ አብሮ ቆመ?» አብሮ ቆመ አልኳቸው። ቁጥሩ እየቆጠረ ቀስቱ ብቻ ቢሞት ኖሮ ጥፋቱ ጌጁ ውስጥ ነው አሉኝ። ሁለቱም አንድ ላይ ከቆሙ ግን መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሚታየው፤ ገመዱ ወይም ጎማው ጋ ያለው ጥርስ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጌጅ በኤሌክትሪክ አይሠራም። የፊት ጎማው ሲዞር ጥርሱ ገመዱን ያዞራል። ገመዱ ደግሞ ጌጁ ውስጥ ያለች ማግኔት ያዞራል። ማግኔቷ የአሉሚኒየም ኩባያ ሳትነካው ወደ ራሷ አቅጣጫ ትጎትተዋለች። ቀስቱ የታሰረው ኩባያው ላይ ነው። አንዲት ቀጭን ሽቦ ሞላ ደግሞ መልሳ ትይዘዋለች። በጉተታውና በሞላዋ መካከል ቀስቱ የቆመበት ቦታ ፍጥነቱ ነው።

ቀጥሎ የገመዱን ታች ጫፍ ከጎማው ፈቱ። የውስጡን ሽቦ በድሪል ነክሰው በቀስታ አዞሩት። ቀስቱ አልተነሳም። ልቤ ዝቅ አለ። እሳቸው ግን ድሪሉን ወደ ተቃራኒው አዙረው ደገሙት። ተነሳ! «በግራ ሲዞር ወደ ዜሮ ነው የሚገፋው፤ ስንት ደህና ጌጅ በዚህ ተጥሏል» አሉ። ፍጥነት ሲጨምሩ ቀስቱ 60ን አለፍ ብሎ ረጋ። የጃፓን ሞተር ላይ ገመዱ በደቂቃ 1,400 ጊዜ ሲዞር ጌጁ 60 ማሳየት አለበት አሉኝ። ድሪላቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጣታቸው አሳዩኝ። ሙሉ ፍጥነቱ 1,400 ነው።

ከዚያ «አሮጌውን ጌጅ ጥለኸዋል?» አሉኝ። አልጣልኩትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እሱንም ሞከሩት። እሱ ደግሞ ቀጥ ብሎ 60 ላይ ወጣ። ምንም አልሆነም ነበር። 3,200 ብሬ ለምን እንደሄደ ያኔ ገባኝ።

በሽታው ታች ነበር። የፊት ጎማውን ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበትን ብረት) አውጥተው የጥርሱን ቤት ከፈቱት። ውስጡ የደረቀ ግሪስና ጭቃ ተጋግሮ ጥቁር ሆኗል። ጭቃ የሚከለክለው ላስቲክ ተሰንጥቋል። ከጎማው ጋር የሚያያዝ ቀለበት አለ፤ ሁለት ትንንሽ ጆሮ አለው። ጆሮዎቹ ሞዞው (የጎማው መሃል) ላይ ካሉ ሁለት ጎድጓዳዎች ውስጥ ይገባሉ፤ ጎማው ሲዞር ቀለበቱን ይዞ የሚዞረው በእነሱ ነው። የእኔ ቀለበት አንዱ ጆሮ ተቆርጧል። ሌላው እንደ ማንኪያ ጫፍ ተልጦ ክብ ሆኗል። መዳፌ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር። ከአሥር ሳንቲም ብዙ የማይበልጥ ብረት ነው። ለአምስት ቀን የሠራልኝ ያቺ የተላጠች ጆሮ እንደ ምንም ይዛ ስለነበር ነው።

አዲስ ቀለበት እሳቸው ጋ አልነበረም። እዚህ ላይ የማነሳው ቅሬታ አለኝ። ዕቃ አያከማቹም፤ ስለዚህ መጠበቅ አለ። ከሌላ አሮጌ ዲቲ የተፈታ፣ ጆሮው ሙሉ የሆነ ቀለበት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪደርስ አራት ቀን ፈጀ። በመሃል ሁለቴ ደውዬ ስልክ አላነሱም። ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፤ እጃቸው ግሪስ ሲሆን ስልክ አይነኩም። ደረሰኝም የላቸውም። የሚያወራርድ መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ከሌላ ዓይነት ሞተር ጥርሱን ከነቤቱ ለምን አይገጥሙም ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ጥሩ መልስ ሰጡኝ። የዲቲ የፊት ጎማ 21 ኢንች ነው፤ ከተማውን የሞላው ሞተር ደግሞ 17 ኢንች ነው። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል። ስለዚህ ለ17 የተሠራ ጥርስ ዲቲ ላይ ቢገጠም፣ በእውነት 60 ስትሄድ ጌጁ 51 ገደማ ይልሃል። ቆጣሪውም በዚያው ልክ ይሰርቅሃል። ቤት ገብቼ የጎማዎቹን ዙሪያ አስልቼ ሂሳቡን ሠራሁት፤ ልክ ናቸው።

ቀለበቱ ሲመጣ ላስቲኩን ቀየሩ፣ የጥርሱን ቤት በቤንዚን አጥበው አዲስ ግሪስ ሞሉት። ገመዱን ከላይ አውጥተው የውስጡን ሽቦ ግሪስ ቀቡት። የላይኛውን አራት ጣት ያህል ግን ደረቅ ተዉት። እዚያ ከተቀባ ግሪሱ እየወጣ ጌጁ ውስጥ ይገባል፤ ቀስቱን ያጣብቀዋል። የመለዋወጫ ቤቱ ልጅ ገመዱን ፋናው (የፊት መብራቱ) ሥር አጥፎ አሳልፎት ነበር። እሳቸው ሰፋ ባለ ክብ አዞሩት። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አጥፈው ገመዱ እንደማይወጠር አዩ። ከዚያ «የትኛው ጌጅ ይግባ?» አሉኝ። የድሮው አልኳቸው። ፊቱ ቢደበዝዝም ትክክለኛው ቁጥሯ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሁሉም አንድ ላይ 1,150 ብር ከፈልኩ። ቀለበቱ 600፣ ላስቲኩ 100፣ የእጅ ዋጋ 450።

በሚቀጥለው እሁድ ስልኬን መሪው ላይ አስሬ ወደ ቱላ ወጣሁ። ጌጁ 60 ሲል ስልኩ 56 አለ። ጌጅ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማሳየቱ ያለ ነው፤ ዝቅ አድርጎ ማሳየቱ ነው ክፉው። ቀስቱ አይንቀጠቀጥም። የቻይናውን ጌጅም ለፍርድ እንዲመቸኝ ገጥሜ ሞክሬዋለሁ። 60 ሲል ስልኩ 49 ነበር። መስታወቱም በመጀመሪያው ዝናብ ከውስጥ ላብ ያዘ። ፈትቼ አስቀመጥኩት። ማንም እንዲገዛው አልመክርም።

ጋራዡ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ወረፋ አለ፤ መቀመጫም ጥላም የለም። አሮጌ ዕቃችሁን ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ። አሁን ከሥራ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ፕላስተሩ ላይ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር 58,214 ነው፤ እስከ 58,390 ድረስ ቤንዚን አላስብም።