«በአንድ ንክኪ» የሚከፈተውን የኮፈን መቆለፊያ ከመግዛታችሁ በፊት

ኮፈን፣ ማለትም የሞተሩን ክዳን፣ ለመክፈት ጣትን ከፊት ጠርዝ ሥር አሾልኮ መንጠቆውን መዳበስ የሚወድ ሰው አላውቅም። እጅ በጥቁር ቅባት ይለወሳል፣ ሞተሩ ከጋለ ጣት ይለበልባል። መንጠቆው ደግሞ በአንዱ መኪና ወደ ጎን፣ በሌላው ወደ ላይ የሚገፋ ስለሆነ የማያውቁትን መኪና መክፈት ትግል ይጠይቃል። ይህን ምሬት በሚገባ ያጠኑ ሻጮች አሁን «ምቹ የደህንነት መቆለፊያ» የሚል ስብስብ ይዘው ቀርበዋል። የሪሞቱን ቁልፍ አንዴ መጫን ይበቃል፤ ኮፈኑ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። ማስታወቂያው ያምራል፣ ዕቃው ግን አደገኛ ነው። አትግዙት። ከገዛችሁም ሳይገጠም መልሱት።

ይህን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ወንድሜ ካዘዘው በኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እያንዳንዱን ክፍል ፈታትቼ አይቻለሁ። በሳጥኑ ውስጥ አንድ ዋና መያዣ፣ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ጠንካራ ሞላ፣ ኮፈኑን ወደ ላይ የሚገፉ ሁለት የጋዝ ዘንጎች፣ ሽቦና ሪሞት አለ። ሁለተኛ መንጠቆ የለም። ከስብስቡ ጋር የመጣው የመግጠሚያ ወረቀት ደግሞ ፋብሪካው የሠራውን መንጠቆ ፈትታችሁ እንድታስወግዱ ያዛል፤ ምክንያቱ «ከእንግዲህ ስለማያስፈልግ» ነው ይላል። እንግዲህ «ደህንነት» በሚል ስም የሚሸጠው ዕቃ የመጀመሪያ ሥራው በመኪናው ላይ የነበረውን የደህንነት ክፍል መንቀል ነው።

የኮፈን መያዣ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ላብራራ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከኮፈኑ ሥር ወደ ታች የወጣ ጠንካራ የብረት ዘንግ አለ። ኮፈኑ ሲወርድ ይህ ዘንግ በራዲያተሩ አናት ላይ በታሠረው መያዣ ውስጥ ይገባና የሚሽከረከር ምላስ ይገፋል። ምላሱ ዞሮ ዘንጉን ይይዘዋል፣ ሌላ ትንሽ ጥርስ ደግሞ ምላሱን ከኋላው ደግፎ እንዳይመለስ ያደርገዋል። ከመሪው በታች ያለውን እጀታ ስትስቡ ከእርሱ የሚመጣው የብረት ገመድ፣ ካቦው፣ ይህን ጥርስ ያነሣዋል፣ ምላሱ ይለቃል፣ ሞላው ኮፈኑን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። እዚያ ላይ ኮፈኑ ይቆማል። ያቆመው ከካቦው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሁለተኛ መንጠቆ ነው። እርሱን የሚያስለቅቀው ከመኪናው ፊት ለፊት የቆመ ሰው ጣት ብቻ ነው። ከመኪናው ፊት ለፊት የቆመ ሰው አለ ማለት ደግሞ መኪናው ቆሟል ማለት ነው። እኛ የምናማርረው ያ ችግር ሳይታሰብበት የቀረ ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ሻጩን ስጠይቀው «የእኛ ዋና መያዣ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ሁለተኛ አያስፈልገውም» አለኝ። ሳጥኑ ላይም ይህን ያህል ኪሎ ይሸከማል የሚል ጽሑፍ በትልቁ ታትሟል። ይህ ላልተጠየቀ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በመንገድ ላይ የሚከፈት ኮፈን ብዙውን ጊዜ ዋናው መያዣ ተሰብሮ አይደለም የሚከፈተው። ከመጀመሪያውም በትክክል ስላልገባ ነው። ዘይት ያየ ሰው ኮፈኑን በቀስታ ስለጣለው፣ ምላሱ በአቧራና በደረቀ ግራሶ ስለተያዘ፣ ካቦው ዝጎ በሽፋኑ ውስጥ ተጣብቆ ሙሉ በሙሉ ስላልተመለሰ፣ አንዳንዴም ቀደም ሲል በደረሰ ቀላል ግጭት የራዲያተሩ አናት ጥቂት ስለተጣመመ። ያልገባ ምላስ አምስት መቶ ኪሎ ቢሸከም ምን ይጠቅማል? ሁለተኛው መንጠቆ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ለብረቱ ድካም ብቻ ሳይሆን ለሰው መዘንጋት።

ነፋሱን ንቀው የሚናገሩም አጋጥመውኛል። በባሕር ወለል ከፍታ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ላይ ፊት ለፊት የሚመታው አየር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 12 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያህል ይገፋል። ፍጥነቱ 100 ሲሆን ግፊቱ በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፣ አራት እጥፍ ነው፤ ወደ 48 ኪሎ ግራም። በ120 ደግሞ ወደ 69 ይደርሳል። በጥቂቱ የተከፈተ ኮፈን መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ አይቀበልም። ነገር ግን በፊት ወንፊት የገባው አየር ከሥር ይገፋዋል፣ ጠርዙ ከፍ ባለ ቁጥር የሚመታው ስፋት ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው በሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ኮፈኑ ወደ ኋላ ተገልብጦ የፊት መስታወቱን ይመታል፣ ማጠፊያዎቹ ይጣመማሉ፣ ሾፌሩ ከፊቱ የሚያየው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ብቻ ይሆናል። የጋዝ ዘንጎቹ በዚህ ላይ የራሳቸውን ያክላሉ። ብዙ መኪኖች ከፋብሪካም የጋዝ ዘንግ ይዘው ይወጣሉ፤ እነዚያ ግን መንጠቆው በቦታው እያለ ነው። እዚህ ግን መያዣው በስሕተት ሲለቅ ዘንጎቹ ኮፈኑን እየገፉ ለነፋሱ ያስረክቡታል።

አንዳንድ የቆዩ መኪኖች፣ ለምሳሌ የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳብ 900 እና ቢኤምደብሊው ኢ30፣ ኮፈናቸው ማጠፊያው ከፊት ስለሆነ ነፋሱ ይዘጋዋል እንጂ አይከፍተውም። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ማጠፊያቸው ከኋላ ነው። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ደረጃ ቁጥር 113 ይህን ልዩነት አስቀምጦ፣ ከፊት የሚከፈትና ሲከፈት የሾፌሩን እይታ የሚጋርድ ኮፈን ሁሉ ሁለተኛ የመያዣ ደረጃ ወይም ሁለተኛ መያዣ እንዲኖረው ግድ ብሏል። ይህ ደንብ ከጥር 1 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። በዚያው አገር ሕግ አንድ የጥገና ድርጅት በእንዲህ ያለ ደንብ መሠረት የተገጠመን የደህንነት ክፍል አውቆ ከሥራ ውጭ ማድረግ አይችልም። ባለቤቱ በራሱ እጅ ቢያደርገው ግን ያ ክልከላ አይመለከተውም። ዕቃውን የሚሸጡት ሰዎች «ራስዎ ይግጠሙት» ማለት የሚወዱት ከዚህ የተነሣ ይሆን ብዬ ጠርጥሬአለሁ።

ሁለተኛው መንጠቆ ከንቱ ነው ለሚል ሰው የመኪና አምራቾች ራሳቸው የከፈሉት ዋጋ ይበቃዋል። ኒሳን ከ2013 እስከ 2018 ሞዴል የሆኑ አልቲማ መኪኖችን እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ለጥገና ሲጠራ ቁጥራቸው ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ጉዳዩ ሌላ ምንም አይደለም፤ የሁለተኛው መንጠቆ መገጣጠሚያ በዝገትና በቆሻሻ ተይዞ ኮፈኑ ከተዘጋ በኋላም ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል የሚል ነበር። ዋናው መያዣ ምንም አልሆነም፤ ያም ሆኖ መኪኖቹ ተጠሩ። ቴስላም በ2024 ወደ 1.85 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን የጠራው መያዣው አለመግባቱን ሥርዓቱ ላይለይ ስለሚችል ነው፤ ያንን በሶፍትዌር አስተካከለው። መንጠቆው ቢዝግ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለ፣ መንጠቆው ጭራሽ ባይኖርስ?

ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ። ስብስቡ ከውስጥ የሚመጣውን ካቦ ያስወግድና ሥራውን ለትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ይሰጠዋል። ሞተሩ የሚሠራው በባትሪ ነው። በአብዛኛው መኪና ባትሪው ያለው ደግሞ ኮፈኑ ሥር ነው። ባትሪ ሲሞት ኮፈኑ አይከፈትም፤ ኮፈኑ ካልተከፈተ ባትሪው አይደረስበትም። የቤቱን ቁልፍ ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ደህና የተሠራ የኤሌክትሪክ መያዣ ለዚህ የተደበቀ የድንገተኛ ካቦ ወይም ከውጭ ኃይል የሚሰጥበት ቦታ አለው። እኔ ያየሁት አንዱም የለውም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ትእዛዙን የሚከለክል ምንም ነገር አልተሠራለትም። ሪሞቱ ኪስ ውስጥ ቢጫን፣ ሽቦው ተልጦ ከሌላው ጋር ቢነካካ፣ ሞተሩ ጥያቄ ሳያበዛ ይከፍታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የፋብሪካው መያዣ ላይ ኮፈኑ መዘጋቱን ለመኪናው የሚናገር ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ «ኮፈን ክፍት ነው» የሚለው መብራት የሚበራው በእርሱ ነው። ስርቆት መከላከያው ይጠቀምበታል። የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን አጥፍቶ ራሱ የሚያስነሣ መኪና ደግሞ ኮፈኑ ክፍት ከሆነ ራሱን እንዳያስነሣ ይከለክለዋል፤ እጁን ሞተሩ በሚያሽከረክረው ቀበቶ አጠገብ ያደረገ መካኒክ እንዳይጎዳ። አዲሱ መያዣ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ስለዚህ ወረቀቱ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝታችሁ በቴፕ እንድትጠቀልሉ ይነግራችኋል። መኪናው ከዚያ ጀምሮ ኮፈኑ ሁልጊዜ ዝግ ነው ብሎ ያምናል። ሁለተኛውን መንጠቆ ነቀሉ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያውን አፉን ዘጉት።

ስለ ብረቱ ብዙ አልልም። ማግኔት ይዛችሁ ምላሱን ንኩት። የወንድሜ አልያዘም። አንዳንድ የማይዝግ ብረትም ማግኔት ስለማይስብ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ሞረድ ስናደርግበት ከሚያብለጨልጨው ቅብ ሥር ግራጫና ለስላሳ ሆኖ ተገኘ፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ይመስላል። እንዲህ ያለው ለበር እጀታ ያገለግላል፤ በየጉድጓዱ ለሚንገጫገጭ ጭነት ግን ሳይታጠፍና ሳያስጠነቅቅ የሚሰበር ነው።

የአሻሻጡ ዘዴም መታወቅ ይገባዋል። የድሮውን መያዣ «ለእናንተ አይጠቅምም» ብለው በነጻ ይወስዱላችኋል። ደግ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ዕቃው ሲበላሽ የምትመለሱበት ነገር አይኖራችሁም፣ ወደ እነርሱ ብቻ ትመለሳላችሁ። ከተገጠመ በኋላ መመለስ አይቻልም የሚለው ጽሑፍ ያለው ከማሸጊያው ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ዋስትናው ደግሞ የሚሸፍነው መያዣውን ብቻ ነው፤ ለተሰባበረ መስታወት፣ ለተጣመመ ኮፈንና ለማጠፊያው «በአገጣጠም ስሕተት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። ኢንሹራንሳችሁም የፋብሪካው የደህንነት ክፍል መነቀሉን ሲያይ የሚያነሣው ጥያቄ ይኖራል።

ምቾትና ደህንነት አይገናኙም እያልኩ አይደለም። አንዳንድ አምራቾች እጀታውን ሁለት ጊዜ የሚያስስብ መያዣ ሠርተዋል፤ የመጀመሪያው ስበት ዋናውን፣ ሁለተኛው መንጠቆውን ያስለቅቃል። ከሾፌሩ ወንበር ሳይነሡ ይሠራል፣ እጅ አይቆሽሽም፣ ሁለቱም ደረጃዎች ግን አሉ። በቀላሉ መሻሻል የሚችለውም ብዙ ነው፤ የመንጠቆውን ምላስ ረዘም ማድረግ፣ ደማቅ ቀለም መቀባት፣ ጣት የሚገባበትን ክፍተት ማስፋት። ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ «ዋናው መያዣ ቢለቅ ኮፈኑን የሚይዘው ምንድን ነው?» በጣቱ የሚያሳያችሁ ብረት ከሌለ ተዉት።

መግዛት የማትፈልጉም ብትሆኑ ያላችሁን መያዣ ፈትሹ። ኮፈኑን የመኪናው መመሪያ ከሚለው ከፍታ ልቀቁት፣ ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ከውስጥ እጀታውን ሳቡና መንጠቆውን ሳትነኩ የኮፈኑን ጠርዝ ወደ ላይ ጎትቱት፤ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። መንጠቆውን በጣታችሁ ገፍታችሁ ስትለቁት በሞላው ኃይል ወዲያው መመለስ አለበት። ከዘገየ አጽዱት፣ ነጭ ግራሶ ቀቡት፤ አሁንም ከዘገየ ይቀየር።

ዕቃው ተገጥሞላችሁ ከሆነና በመንገድ ላይ ኮፈኑ ቢነሣ፣ በድንጋጤ ፍሬኑን አጥብቃችሁ አትርገጡ፣ መሪውንም አትጠምዝዙ። አንገታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከኮፈኑ ሥር በሚቀረው ጠባብ ክፍተት ተመልከቱ፤ ካልታየ በጎን መስኮት። የአደጋ መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ ጥግ ያዙ። ከዚያ በኋላ የተሰበረውን ክፍል ለማንም አትስጡ፤ በቦታው እንዳለ ፎቶ አንሡት፣ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡት፣ ለተሽከርካሪ ደህንነት ተቆጣጣሪው አመልክቱበት። የፋብሪካውን መያዣ በሻሲ ቁጥራችሁ አዙ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከፊት ከተጋጨ መኪና የወጣ እንዳይሆን፤ ምላሱ ቀጥ ያለ ቢመስልም ሊጣመም ይችላል። እስኪደርስ ድረስ መኪናውን ፈጣን መንገድ ላይ አታውጡት።