የሞተር ፍጥነት በአርዱዊኖ፦ በኮድ ወይስ በታይመር?

በአርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ የፒደብሊውኤም ምት፣ ማለትም ኃይልን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሞተር ፍጥነትን ወይም የመብራት ድምቀትን የሚወስን ምት፣ ለማመንጨት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፒኑን (የሰሌዳውን የሽቦ ማገናኛ) በኮድ ማብራትና ማጥፋት ነው፤ 1 ሚሊሰከንድ አብርተን 1 ሚሊሰከንድ ብናጠፋ 500 ኸርዝ እናገኛለን። የትኛውም ዲጂታል ፒን ያገለግላል፣ ለተማሪም በቀላሉ ይገባል። ችግሩ ፕሮሰሰሩ ሰዓት እያየ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ዘበኛ ሆኖ መቅረቱ ነው። የሙቀት መለኪያ ላንብብ ባለ ቁጥር ምቱ ይዛነፋል፤ ፒኑ ላይ የኤልኢዲ መብራት ካለ ይርገበገባል።

ሁለተኛው ሥራውን ለቺፑ ታይመር (በቺፑ ውስጥ ላለ ቆጣሪ) መስጠት ነው። ታይመሩ እስከ 255 እየቆጠረ፣ ከተሰጠው ወሰን ሲደርስ ፒኑን ራሱ ያጠፋዋል። ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ቢይዝም ምቱ ንቅንቅ አይልም። ፒኖቹ ግን 6 ብቻ ናቸው፦ 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10 እና 11። ድግግሞሹ 490 ኸርዝ ገደማ ሲሆን በ5 እና በ6 ላይ 980 ነው። በዚህ ድግግሞሽ ሞተር ሲያፏጭ ጆሮ ያደክማል፤ በሬጅስተሮቹ (የቺፑ ማስተካከያ ቋቶች) በኩል ፒን 9ን እና 10ን የሚመራውን ታይመር 1 ጆሮ ወደማይሰማው፣ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ማድረስ ይቻላል። ታይመር 0ን ግን አትንኩት፣ አርዱዊኖ ጊዜ የሚለካበት የሚሊሰከንድ ቆጠራ በእርሱ ላይ ነው።

ለሞተር ሁልጊዜ ታይመሩን እመርጣለሁ፤ ኮዱን የማስበው 6ቱ ፒኖች ሲያልቁብኝ ነው።