ሙሬይ ወይስ ዴል ፖትሮ?

ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ስለ ጉዳት ከተነሳ ወሬው ኳስ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ቴኒሰኞችን ላወዳድር።

አንዲ ሙሬይን ያሰቃየው ዳሌው ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ብዙም አልበጀውም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መገጣጠሚያው ላይ ብረት ተገጠመለት። በዚያው ዓመት ጥቅምት አንትወርፕ ላይ ስዊዘርላንዳዊውን ቫቭሪንካን አሸንፎ ዋንጫ በላ።

የ2009 የዩኤስ ኦፕን ሻምፒዮን ሁዋን ማርቲን ዴል ፖትሮ ግን ነገሩ ተደራራቢ ነበር። ቀኝ የእጅ አንጓው ዳነ ሲባል ግራው ተነሳበት። ግራው ብቻ ሦስት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። በሁለት እጅ መምታት ሲያመው ዘዴ ቀየረ፤ ኳሱን በአንድ እጅ እየቆረጠ መመለስ ጀመረ። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ጆኮቪችን በመጀመሪያው ዙር የጣለው እንዲህ እየተጫወተ ነው! ፍጻሜው ላይ የረታው ማን መሰላችሁ? ሙሬይ። (እኛ ሰፈር ቢሆን ወጌሻ አሽቶት በሳምንቱ ሜዳ ይገባ ነበር፤ ከዚያ እንደገና ወጌሻ።) በኋላ የዴል ፖትሮ ጉልበት ተሰበረ፤ እሱ አልተቻለም።

በዋንጫ ከሆነ ሙሬይ ይበልጣል፤ በአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች (ግራንድ ስላም) ሦስት ለአንድ። ጉዳት ይዞ መጫወትን በማወቅ ግን እኔ ለዴል ፖትሮ አደላለሁ።