ከመኪናዬ ሥር ገብተው እውነቱን ለነገሩኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ መካኒክ ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም ያረጀ ፒክአፕ ይዞ «ይህ ዝገት ያሰጋል ወይስ አያሰጋም?» እያለ ግራ ለተጋባ ሰው እንድጠቁማቸው ብዬ ነው። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

የመኪናዬ እግር፣ ማለትም ጎማዎቹን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘውና ንዝረት የሚያበርደው ክፍል፣ ዕድሜውን አይደብቅም። የኋላ ባሌስትራው፣ ያ ተደራርቦ የታሰረው የብረት ቅጠል፣ ቡናማ ሆኗል፣ ማንጠልጠያዎቹ ቅርፊት አውጥተዋል፣ የፊት ሞላዎቹም ቀለማቸው ከረገፈ ቆይቷል። ከእሳቸው በፊት ያየው አንድ ጋራዥ «ሁሉም ይቀየር» አለኝ። ሌላው ደግሞ በቅጡ ሳያጎነብስ «የአሮጌ መኪና ወጉ ነው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተህ ንዳው» ብሎ ሸኘኝ። ከሁለቱ መዶሻ ያነሳ አልነበረም።

እሳቸው መጀመሪያ አሳጠቡት። ጭቃና የተጋገረ ዘይት ካልተነሳ ምንም ማየት አይቻልም ይላሉ። ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳረፉትና መብራት ይዘው ገቡ። «ና ግባ፣ የራስህን መኪና እወቀው» ብለው እኔንም ከጎናቸው አስተኙኝ። ሊያጭበረብር ያሰበ መካኒክ ባለ መኪናውን ከሥር አያስገባም።

ሁለቱ ጋራዦች ያላነሱትን ነገር ያስረዱኝ እዚያው ተኝተን ነው። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ወፍራም ቅርፊት ሲነሳ ከሥሩ የጎደለው ብረት ከሚታየው በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት የተረፈው ብረት ስንት ነው፣ ክፍሉስ ምን ይሸከማል የሚለው ነው። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ብረት 1 ሚሊሜትር ቢሄድ ከቁጥር አይገባም፤ ከ3 ሚሊሜትር ላሜራ ያው 1 ሚሊሜትር ቢሄድ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። የኋላ አክስሉን በብረት ቡሩሽ ጠረግ ጠረግ አድርገው ያለፉት ለዚህ ነው። ከላሜራ ተጣጥፎ የተሠራውን፣ የፊት ጎማውን ከሥር የሚይዘውን የታችኛውን ክንድ ግን እያንዳንዷን ስንዝር በመዶሻ አንኳኩ። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል። አንድ ቦታ ድምፁ ሲለወጥ በካቻቪቴ ገፋ አደረጉት፤ አልበሳም፣ አልጎደጎደም። «ይህ ገና ነው» ብለው አለፉ።

ማንጠልጠያዎቹ ቻሲስ (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ የተያያዙበት ቦታ ሲደርሱ ግን ፍጥነታቸው ቀነሰ። ትንሽ ቀዳዳም ብትሆን ባሌስትራ፣ መሪ ወይም ፍሬን ከሚታሰርበት አጠገብ ከሆነች ከትልቅ የአካል ዝገት ትብሳለች። ይህ የእሳቸው ብቻ አስተያየት አይደለም፤ የብሪታንያ ዓመታዊ የመኪና ምርመራም ከእነዚህ ማሰሪያዎች በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ ያለን አቅም የሚያሳጣ ዝገት ያለበትን መኪና ይጥላል። ሳጥን የሆነውን የቻሲስ ክፍልም በቀዳዳዎቹ በኩል በመብራት አዩት፣ ጭቃ ይዞ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚበሰብስ። ይህ የርካሽ መኪና በሽታ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ቶዮታ በአሜሪካ በታኮማ፣ በቱንድራና በሴኮያ ቻሲሶች ዝገት ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2016 የተስማማበት እርቅ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር።

ሞላና ባሌስትራ በሌላ ሕግ ነው የሚዳኙት። መኪናው በሄደ ቁጥር ሲተጣጠፉ ስለሚውሉ ውፍረታቸው ቢበቃም ዝገት የቆፈራት ትንሽ ጉድጓድ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። ሞላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ውሃና አሸዋ በሚጠራቀምበት በታችኛው መቀመጫ አካባቢ ስለሆነ እዚያ ጣታቸውን አስገብተው ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ደህና ነበር። ባሌስትራው ላይ ግን ከአክስሉ ጋር ከሚያስረው የዩ ቅርጽ ቡሎን ወጣ ብሎ፣ በዋናው የባሌስትራ ቅጠል ጠርዝ ላይ፣ ፀጉር የምታህል ቡናማ መስመር አዩ። እኔ ጭረት ነው ብዬ አልፌው ነበር የምሄደው። ቦታውን በቡሩሽ አጽድተው ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይተው በጨርቅ አድርቀው ጠረጉት፣ ከዚያ ጠመኔ ፈጭተው ነሰነሱበት። ነጩ ዱቄት ላይ ቀስ በቀስ ቀጭን እርጥብ መስመር ወጣ። ስንጥቁ የጠጣውን ጋዝ መልሶ እየተፋው ነበር። ጭረት ቢሆን ኖሮ ምንም አይወጣም።

«በብየዳ አይያዝም?» አልኳቸው። በፍጹም! የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ታክሞ ነው፤ ብየዳ ያንን ያበላሸዋል፣ ከብየዳው አጠገብም ይሰበራል። ዋናው ቅጠል ከተሰበረ ደግሞ አክስሉን ቦታው ላይ የሚይዘው ይጠፋል። ተቀየረ። የዩ ቡሎኖቹም አብረው በአዲስ ተተኩ፤ አንዴ ተጠብቀው የተሳቡ ቡሎኖች ተፈትተው እንደገና መታሰር የለባቸውም። መኪናው ጥቂት ከሠራ በኋላ ዳዶዎቹ በትክክለኛው መጠን እንዲጠበቁ መልሰው ጠሩኝ።

የገረመኝ ደግሞ የፊት ቦል ጆይንቱ ነው፤ ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው የሚዞር መገጣጠሚያ ማለት ነው። ዝገት የለበትም፣ ከሁሉም ንጹሕ የሚመስለው እሱ ነበር። ላስቲኩ ግን ተቀዶ ነበርና ክንዱን ደግፈው በረጅም ብረት ሲያነሱት ተጫወተ፤ እሱም ወጣ። በአንጻሩ አካላቸው በዝገት የተሸፈነውን አሞርዛተሮች (ንዝረት የሚያበርዱትን ዘይት የያዙ ቱቦዎች) አልነኳቸውም፣ ዘይት አያፈስሱም፣ ማሰሪያቸውም ሙሉ ነው። «ለመልካቸው ብለህ ገንዘብህን አትበትን» አሉኝ። ከኋላ አክስሉ በላይ የሚያልፈው የፍሬን ቱቦ ግን በጥፍር ሲነካ እየተቀረፈ ስለነበር እሱ ሳይቀየር መኪናው ከጋራዡ እንዳይወጣ ከለከሉ። እኔ ያመጣኋቸው ለእግሩ ነበር፣ ቱቦውን ሊያዩት ግዴታ የለባቸውም።

እውነቱን ለመናገር ቸኩሎ ለመጣ ሰው አይሆኑም። ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ ሥራ ሲይዙ ወሬ አይወዱም፣ ያወጡትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ደርድረው ካላሳዩና ምክንያቱን ካልተናገሩ ደግሞ አይለቁም። እኔ ግን ባሌስትራውን ስንጥቁ ላይ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ ግማሹ ድረስ ገብቶ፣ ውስጡ አሮጌ ዝገት ይዞ ነበር።

ጌታዬ፣ ይህን ካነበቡት እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወደ እሳቸው የምትሄዱ ደግሞ አደራ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሥሩን ቀለምም ሆነ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡት። አስፍቀው ነው የሚያዩት፣ የፍቂያውንም ጊዜ የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ።