ለአዘዞና ለፒያሳ ምልልስ፦ አሮጌ ቪትዝ ወይስ ብስክሌት?

ጎንደር ውስጥ አዘዞ እየኖረ ፒያሳ የሚሠራ ጓደኛ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ያጠራቀምኳት ብር አለች፤ ብድር ጨምሬ አሮጌ ቪትዝ ልግዛ ወይስ ብስክሌት ይሻለኛል?» መልሴ ብስክሌት ነው። ምክንያቴን አንዴ ልጻፈው።

ከዋጋው እንጀምር። ስንት ዓመት የሮጠች ቪትዝ ዛሬ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠየቃለች። ይህ የብረቷ ዋጋ አይደለም፤ የግብሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። ትልቅ ሞተር ላለው 500 በመቶ ይደርሳል። እስቲ እናስላው። ወደብ ላይ 100 ብር የሆነ እንዲህ ያለ መኪና 35 በመቶ ቀረጥ ሲታከልበት 135 ይሆናል። ኤክሳይዙ 810 ያደርሰዋል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 931 ብር ከ50 ሳንቲም። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር ገና ነው። ቪትዝ ሞተሯ ትንሽ ስለሆነ ቀለል ይልላታል እንጂ አታመልጥም። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ድሮ በትንሽ ቀረጥ የገባችውም ዋጋዋን አብራ ሰቀለች። አንተ የምትከፍለው እሷ ራሷ ያልከፈለችውን ግብር ነው!

ግማሽ ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ብትበደር የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 85 ሺህ ብር ይጠጋል። በዚህ አራት ደህና ያገለገሉ ብስክሌቶች ይገዛሉ። ቦሎው፣ ሦስተኛ ወገኑ፣ የነዳጅ ሰልፉ ገና አልተቆጠረም። ፎርጅድ የፍሬን ፓስቲሊያና ካንዴላ ደግሞ በዋናው ዋጋ ይሸጥልሃል፤ ለጎንደር ቁልቁለት ፎርጅድ ፓስቲሊያ ማለት አደጋ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና? በ2014 ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ ነበር፤ ብሩ ላለው ጥሩ ነው። እኔን የሚጠይቁኝ ሰዎች ግን ብሩ የላቸውም።

ብስክሌት ስትገዛ አዲስ የሚያብረቀርቀው እንዳያታልልህ። አንድ ሱቅ የሸጠልኝ አዲስ ብስክሌት ማርሹ ላይ «ሺማኖ» የሚል፣ የታወቀ የጃፓን ማርሽ ሠሪ ስም ያለበት ስቲከር ነበረበት። በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠ። የዋናው ስም እንዲህ በጥፍር አይላጥም። ያ ማርሽ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ካቴናውን መጣል ጀመረ፤ የፔዳሉ ኩሽኔታም ብዙ ሳይቆይ ተበላ። ሠሪው ፈትቶ ሲያሳየኝ ውስጡ ቅባት የሚባል ነገር አልነካውም። ስለዚህ ያገለገለ፣ ቴላዮው፣ ማለትም ዋናው አካሉ፣ ጠንካራ ብረት የሆነ ያዝ። የኋላ ጎማውን አንስተህ አሽከርክረውና ቸርኬው ይወላገድ እንደሆነ እይ። ፔዳሉን ወደ ጎን ነቅንቀው፤ ከተንቀጫቀጨ ዋጋ አስቀንስ። ለማርሹ አትሳሳ፤ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትመጣ ዳገቱን የምትወጣው በትንሹ ማርሽ ነው። የፍሬን ጎማ ምንጊዜም አዲስ ግዛ።

አሁን ጓደኞቼን ከዋጋው ይልቅ ወደሚያስፈራቸው ነገር ልምጣ። ብስክሌት ላይ ስትሆን ከኋላህ ክላክስ ይነፋብሃል። «ግብር የምንከፍለው እኛ፣ መንገድ የምትዘጋው አንተ!» የሚልም አለ። ይህ ውሸት ነው፤ እኔ በጣም ያናድደኛል። ኤክሳይዝ የመንገድ ኪራይ አይደለም፤ ወደ መንግሥት ካዝና የሚገባ ግብር ነው። በ1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በአብዛኛው ከነዳጅ ላይ የሚሰበስበው ገንዘብ ለጥገናና ለመንገድ ደህንነት ይውላል። መንገዱ የተሠራው ግን ሳሙና ገዝታ ቫት በከፈለችው እናትና ከደመወዙ በሚቆረጥበት አስተማሪም ገንዘብ ነው። ከቅዳሜ ገበያ አህያውን እየነዳ የሚመለሰውም ገበሬ ድርሻ አለው። ጉዳቱንም እንይ። አንድ አክስል የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን አስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ብስክሌት አስፋልት አይሰብርም።

ስለዚህ መንገዱን ስትጠቀም አትሸማቀቅ። ቀኝህን ያዝ፤ ግን ቦይ ውስጥ እስክትገባ ድረስ አትሽሽ። ስትታጠፍ እጅህን በግልጽ ዘርጋ። ማታ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑርህ።

ቪትዝ ግዛ የምለው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ ሌሊት ሐኪም ቤት የምታደርሳቸው አቅመ ደካማ ወላጅ ቤትህ ካሉ። እሱም ቢሆን ያለ ብድር ከሆነ፤ ሊብሬውንም ሳታጣራ ቀብድ አትስጥ።