ለፒፓ የቱ ይሻላል፦ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ወይስ ቨርጂኒያ?

ፒፓ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቫኒላ ወይም ቼሪ የተጨመረበትን ትምባሆ ይመርጣል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎች ቨርጂኒያ ወደሚባለው፣ ማጣፈጫ ወዳልነካው የትምባሆ ዓይነት ያዘነብላሉ።

አያያዝ፦ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ እርጥበት ስለሚበዛው በጣት ሲጫኑት ይጣበቃል፣ እሳቱ ደጋግሞ ይጠፋል፣ በፒፓው ግርጌም ውኃ ያጠራቅማል፤ ሽታው ግን አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ደስ ያሰኛል። ቨርጂኒያ የተፈጥሮ ስኳሩ ብዙ በመሆኑ ቶሎ ቶሎ ለሚስብ ሰው ምላስ ይለበልባል፣ ቀስ ብሎ ለሚስብ ግን የደረቀ ሣርና ትኩስ ዳቦ የሚያስታውስ ጣዕም አለው። ምርጫው ከዓመታት ጋር የሚለወጠው፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ትዕግሥት ለጀማሪ ስለሚከብድ ነው።

ማቆየት፦ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ የተቀመጠ ቨርጂኒያ በዓመታት ውስጥ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳልም፤ የቫኒላው ሽታ ግን እየደከመ ይሄዳል።

ጉዳት፦ በዚህ ልዩነት የላቸውም፤ ጭሱ ወደ ሳንባ ባይሳብም ሁለቱም ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣሉ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጣፋጩ ነው፣ ምክንያቱም የትምባሆን ምሬት ሸሽጎ አዲስ ሰው ያስለምዳል፤ በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከልክሏል።

ከሰው ጋር ተቀምጦ አልፎ አልፎ ለሚያጨስ የመጀመሪያው ይቀለዋል፤ ብቻውን፣ ሳይቸኩል ለሚያጨስ ቨርጂኒያ ይስማማዋል፤ ገና ላልጀመረ ሰው ግን ሁለቱንም አልመክርም።