80 ብር፣ አንድ ስኒ ቡና እና 21 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ጨርቅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚገኝ አንድ አነስተኛ ቡና ቤት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎቶግራፎችን በፕሮጀክተር እያሳየ ታዳሚዎቹን የሚያወያይበት ዝግጅት እንዳለው ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ቢሆነኝም፣ የሄድኩት ገና ባለፈው ቅዳሜ ነው። መግቢያው 80 ብር ሲሆን ቡናና ቆሎ ይጨምራል። የዕለቱ ርእስ ብዙ ገንዘብ ፈስሶባቸው በአደባባይ የቆሙ፣ መልካቸው ያልተለመደ ግዙፍ የጥበብ ሥራዎችና ሕዝቡ የተቀበላቸው ሁኔታ ነበር። ይህ ለደብረ ማርቆስ ቡና ጠጪ ምን ይፈይዳል እያልኩ ብገባም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተቀመጥኩባት ዱካ አልተነሣሁም።

አወያዩ የጀመረው ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉት ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ባቆሙትና «በሮቹ» ብለው በሰየሙት ሥራ ነው። 37 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን የእግር መንገድ ላይ 7,503 በሮች ተተክለው ከእያንዳንዳቸው ብርቱካንማ ጨርቅ ተንጠለጠለ፤ ከ16 ቀናት በኋላ ሁሉም ተነሣ። አወያዩ በመጀመሪያ የነገረን ወጪው 21 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን ብቻ ነበር። ከጎኔ የነበሩ አዛውንት «ይህ ሁሉ ጨርቅ ስንት ቡልኮ ይወጣው ነበር?» ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጠች ሴት ደግሞ «የታረዘ ሰው እያለ መንገድ ያለብሳሉ እንዴ?» ብላ ተከተለች። ቤቱ በቁጣ ከሞቀ በኋላ ነው አወያዩ ቀሪውን የተናገረው፦ ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ1979 ነው፤ ከተማዋ በ1981 ከልክላ በ2003 ፈቀደች፤ ወጪውን የሸፈኑት ግን ጥበበኞቹ ራሳቸው የዝግጅት ንድፎቻቸውንና ሥዕሎቻቸውን ሸጠው ነው እንጂ የከተማዋ ገንዘብ አልነበረም። «ከኪሳቸው ከሆነማ ምን አገባን!» የሚል ድምፅ ተሰማና ሁሉም ሳቀ። ነገሩን በዚህ ቅደም ተከተል ማቅረቡ ተንኮል ቢመስልም ጥሩ ተንኮል ነው፤ ስለ ሌላው ሕዝብ ቁጣ ከመስማታችን በፊት የራሳችንን ቁጣ አሳይቶናልና።

ከሁሉ የተሻለውን ውይይት ያስነሣው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን ጣሊያን በኢዜኦ ሐይቅ ላይ የተዘረጋው የውኃ ላይ መንገድ ነው። ክሪስቶ፣ ባለቤቱ ካረፈች በኋላ፣ 220,000 የሚያህሉ ባዶ የፕላስቲክ ኩቦችን አያይዞ በቢጫ ጨርቅ በመሸፈን 16 ሜትር ስፋትና 3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ ሠራ፤ የሐይቁ ዳርቻ ሰው ያለ ጀልባ በእግሩ ወደ ሞንቴ ኢዞላ ደሴት ተሻገረ። በ16 ቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ያለ ክፍያ ስለረገጠው፣ የሕዝቡ ብዛት ራሱ ሌላ ችግር ሆኖ ማታ ማታ መዝጋት እስኪያስፈልግ ደረሰ። በዚህ ጊዜ በየዓመቱ ለጥምቀት ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ወጣቶች አንዱ ተነሥቶ፣ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ሮጠው እንደገና እንደሚዘረጉት፣ ለምንጣፉም በየዓመቱ ከየቤቱ ገንዘብ እንደሚለምኑ ገለጸና «እኛም በሁለት ቀን የሚያልቅ መንገድ እንሠራለን፤ የት ገባ ብሎ የጠየቀን ግን የለም» አለ። አንድ ሌላ ሰው ንጽጽሩ ለድፍረት የቀረበ መሆኑን ቢያስታውስም፣ ወጣቱ ያለው ነገር ከአወያዩ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጥ ጉዳዩን አቅርቦልኛል። ወዲያው ወሬው ወደ ጣና ዞሮ «ከባሕር ዳር እስከ ክብራን ገብርኤል ገዳም ቢዘረጋስ?» የሚል ምኞት ሲነሣ፣ ያችው ከኋላ ያለችው ሴት «ቢዘረጋም እኛ ሴቶች በሩ ላይ ደርሰን ልንመለስ!» ብላ ዘጋችው።

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር የቆመው የአፍሪካ ህዳሴ ሐውልት ሲታይ ሣቁ ጠፋ። ወደ 50 ሜትር የሚጠጋው ይህ የነሐስ ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ተሠርቶ በ2010 ሲመረቅ 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደወጣበት፣ ኢማሞች ቅርጹን እንደተቃወሙት፣ የወቅቱ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ ደግሞ ሐሳቡ የእኔ ነው በማለት ከገቢው 35 በመቶ እንደሚገባቸው መናገራቸው ተገለጸ። ስለ ውበቱ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። እዚህ ላይ አወያዩ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ እርሱ ግን የተጋጋለውን ክርክር ፈርቶ ይመስለኛል ወደሚቀጥለው ምስል አለፈ።

የዝግጅቱን ትልቁን ጉድለት ያየሁትም በዚያው በሚቀጥለው ምስል ላይ ነው። አሜሪካዊው ቀራፂ ሪቻርድ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1981 በማንሃተን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አደባባይ ላይ ያቆመው «ያዘነበለው ቅስት» 36 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጥ፣ የዛገ የብረት ግድግዳ ነበር። የወጣበት 175,000 ዶላር ብቻ ነው። በ1985 በተደረገው የሕዝብ መድረክ ከተናገሩት 180 ሰዎች 122ቱ ይቆይ ሲሉ 58ቱ ይነሣ አሉ፤ ዳኞቹ ግን አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ ይነሣ ብለው ወሰኑ፤ በማርች 1989 ሌሊት ተቆራርጦ ተጫነ። አወያዩ ይህን ሁሉ በሦስት ደቂቃ ጨርሶ የጥያቄ ጊዜ ሳይሰጥ ማለፉ አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ከሰዓቱን ሙሉ ስንሟገትበት የቆየነው የገንዘብ ጥያቄ መልስ ሊያገኝ ይችል የነበረው እዚህ ላይ ነው። 21 ሚሊዮን ዶላር የወጣበትን ጨርቅ በደስታ ሲመላለስበት የከረመ ከተማ፣ ከዚያ ዋጋ መቶኛ የማይሞላውን ብረት ግን ችሎ ሊያኖረው አልቻለም። ጨርቁ በሥሩ የሚታለፍበት ነበር፤ ብረቱ ግን ሠራተኛው ጠዋትና ማታ አደባባዩን ሲያቋርጥ እንዲዞረው ያስገድደው ነበር። የመንግሥት ገንዘብ መሆኑ ቁጣውን አብሶት ሊሆን ቢችልም፣ ሰውየው በየቀኑ የሚቆጥረው ዶላር ሳይሆን እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ የተናገሩት አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። የኔታ ፊታቸውን ወደ ምስሉ ሳይመልሱ፣ ተማሪ ዓመታት ሙሉ እየለመነ ተምሮ የሚቀኘው ቅኔ በማኅሌት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሰማና በማግስቱ ያንኑ መድገም ነውር እንደሆነ አስታውሰው፣ «አንድ ጊዜ ታይቶ መቅረቱን አታውግዙበት፤ መጀመሪያውኑ ሞልቶለት እንደሆነ ጠይቁ» አሉ። ማንም አልጨመረበትም።

ስለ አገልግሎቱ የቀረውን በአጭሩ ልናገር። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ደካማ ስለሆነና የመስኮቱ መጋረጃ ቀጭን በመሆኑ፣ ለብርቱካንማውና ለቢጫው ቀለም ሲባል የተመረጡት ፎቶግራፎች ሁሉ ገርጥተው የታጠበ ነጠላ መስለዋል፤ ቀለም ላይ የቆመ ሥራን እንዲህ ማሳየት ዋናውን ነገር መንፈግ ነው። መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቷል፤ ክርክሩ ግን በጨለማም አልተቋረጠም። ቡናው ትኩስና ወፍራም ነበር፤ ቆሎው በዛ ያለ ጨው አለው። ለተማሪ 80 ብር ከበድ ስለሚል ባለቤቱ ለተማሪዎች ቢቀንስ ባይ ነኝ፤ ለእኔ ግን ከከፈልኩት በላይ አግኝቻለሁ፤ ተመልሼም እሄዳለሁ።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ቀደም ብሎ ደርሶ በግድግዳው ሥር ቢቀመጥ ይሻላል። በጓዳው በር ትይዩ ያለችውን ዱካ አይምረጥ፤ እኔ ለማየት ትመቻለች ብዬ እርሷን ይዤ፣ ቡና የምታቀርበው ልጅ ረከቦቷን ይዛ በእኔ ዙሪያ ስትዞር አመሸች፤ በሦስተኛው ስኒ ላይ ነው «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ጠጋ ይሉልኛል?» ያለችኝ።